የእትዬ ማሬ ቡሉኮ

ደብዳቤው ሲነበብ ዝናሽ ቆማ ነው የሰማችው። ተቀመጪ ቢሏት እሺ አላለችም። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያያት ሰው የለም፤ ሰብሳቢ እንዴት ይቀመጣል? መምህርት ፍቅርተ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበችላቸው፤ አልበቃቸውም፤ ደገመችላቸው። ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ታቦር የማኅበሩ ሰው ይመጣል። ስማቸው የተጻፈ ሦስት ቤቶችን ይጎበኛል፣ ሕፃናቱን ይፈትናል፣ ከዚያም «የመጣውን ለውጥና የቤተሰቡን ኑሮ ተመልክቶ ድጋፉ ለሁለት ዓመት ይቀጥል ወይስ ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወር» የሚለውን ጽፎ ያቀርባል።

ዝናሽ ከደብዳቤው ሁሉ የያዘችው «ይዛወር» የሚለውን ቃል ነው።

ማኅበሩ የባዳ ማኅበር አይደለም። ከዚሁ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት ወጥተው የተማሩ፣ ነግደውም የቀናቸው ሰዎች፣ የደሃ ልጅም አንደኛ ክፍል ሲገባ ከከተማ ልጅ እኩል ይቁም ብለው ያቋቋሙት ነው። እዚህ ግራር አምባ ቀበሌ የደረሰው አምና ነው። ሰበካ ጉባኤው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ሰጠ፤ ማኅበሩ የመምህርቷን ደመወዝ፣ መጻሕፍቱን፣ ለየልጁም በቀን አንድ ኩባያ አጥሚት ቻለ። ሠላሳ አንድ ልጅ ገባ። ከሠላሳ አንዱ አንዷ የዝናሽ ልጅ እድላዊት ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ስለ ዝናሽ አንድ ነገር ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። ትልቋ ልጇ ምሥራቅ አንደኛ ክፍል የገባችው በስምንት ዓመቷ፣ ከቤት በቀጥታ ነው። እርሳስ ይዛ አታውቅም ነበር። መምህሩ «ስምሽ ማን ነው?» ቢላት በነጠላዋ ተሸፈነች። ሦስት ጊዜ ቢጠይቃት ሦስት ጊዜ ተሸፈነች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ያን ዓመት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጨረሰች፤ ሁለተኛ ክፍል ገብታ መንፈቅ ሳይሞላ «አልሄድም» አለች፤ አልሄደችም። ይኸው ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሥራ ታውቃለች፣ እጇ ይባረክ የሚያሰኝ ነው፣ ወገዳ ገበያ ስትወጣ ግን የሱቁን ስም አታነብም። ዝናሽ በዚህ ማንንም አትከስም። «ያለ ስንቅ የሰደድኳት እኔ ነኝ» ትላለች። ለእድላዊት ግን ምላለች፤ በሞተው ባሏ አጥንት ነው የማለችው። እድላዊት አንደኛ ክፍል ስትገባ ማንም አይስቅባትም።

ክፍሉ ከተዘጋ ያ መሐላ ምን ሊሆን ነው?

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ አያ ካሴ። አያ ካሴ የኮሚቴው አባል ነው፤ ሰው ሁሉ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ቀድሞ ማውጣት ይወዳል፣ መልሱን ግን ለሌላ ይተዋል።

«ምን ይሻላል ይላል እንዴ! ሰውየው የሚመጣው ለውጥ ሊያይ ነው። ለውጥ እናሳየዋለን!» አለች ዝናሽ። «የሰጠነው ገንዘብ ሜዳ ላይ ፈሰሰ ይበሉ? ያገራችን ልጆች ናቸው እኮ! ተጎሳቁለን አያዩንም። ልጆቻችን ሰው መስለው ይቅረቡ፣ ቤታችንም ቤት ይምሰል።»

«እትዬ ዝናሽ፣ የቤተሰቡን ኑሮ ሲል እኮ...» ብላ ጀመረች ፍቅርተ። የወገዳ ልጅ ናት፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ፤ ነገሩ ትንሽ ሸቷታል።

«ኑሮ ሲል ኑሮ ነው! ኑሯችን አልተለወጠም ብለን እናሳፍራቸው?»

ወላጁ ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ፍቅርተም ደብዳቤውን አጠፈች። ዝናሽ ስትናገር መሃል መግባት ጎርፍ ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ዝናሽን እንዲህ ያደረጋት ትዕቢት እንዳይመስላችሁ። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ በድርቁ ጊዜ፣ ለቀበሌው እህል መጥቶ ነበር። እህሉን የሚመዘግበው ሰው በርሜል ላይ ቆሞ «የባሰባችሁ ድሆች ወደ ፊት ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የራበው ሞልቷል፣ የሚንቀሳቀስ የለም። ዝናሽ እድላዊትን አዝላ፣ በአገሩ ሁሉ ፊት፣ ብቻዋን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። እህሉን ተቀበለች፣ ልጆቿም በሉ። ያችን አንድ እርምጃ ግን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ሁለተኛ አልራመዳትም ብላ ለራሷ ነግራለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉድ ስሙ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ግራር አምባ ሠርግ የገባባት መሰለች። ወገዳ ዘመድ ያለው ወገዳ ወጣ፤ የእህት ልጅ ቀሚስ፣ የአጎት ልጅ ሱሪ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ እየተዋሰ ተመለሰ። ለእድላዊት ቢጫ ቀሚስ ተገኘላት፤ የዝናሽ አክስት የልጅ ልጅ የልደት ቀሚስ ነው። «ቅዳሜ መመለስ አለበት፣ አደራ፣ እንዳይቆሽሽ!» ተብሎ ነው የተሰጠው። ጫማው አንድ ቁጥር ይበልጣታል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቀጠቀበት።

ለልጆቹ መላ ተገኘ። ቤቶቹስ? በደብዳቤው ስማቸው የተጻፈው እትዬ ማሬ፣ አያ ካሴና ራሷ ዝናሽ ናቸው። ከሦስቱም ቤት ለዓይን የሚሞላ ዕቃ ያላቸው እትዬ ማሬ ብቻ ናቸው፤ ያውም አንድ ቡሉኮ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት ናቸው፤ ቡሉኮውን መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ነው የላከላቸው። ወፍራም ነጭ፣ ጥለቱ ቀይ፣ አንዱ ጥግ ላይ የሳንቲም ያህል እሳት የበላው። ከንስሐ አባታቸው ከቄስ ገብረ ሥላሴ ቤት ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና አበባ ያለበት ፔርሙስ ተለመነ።

«አንድ ቡሉኮ ለሦስት ቤት?» አለ አያ ካሴ።

«እንግዳው በቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ይሄዳል፤ ምሥራቅ በጓሮ ትቀድመዋለች» አለች ዝናሽ። ጦር የምታዘምት ነው የምትመስለው።

«ወይኔ ልጄን! ቡሉኮዬን እንደ ታቦት ልታዞሩት ነው!» አሉ እትዬ ማሬ፤ ወዲያው ደንግጠው አማተቡ። «ይቅር በለኝ። በሉ እንዳትቀድዱብኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ፍቅርተ ትምህርት ልንገራችሁ። ልጆቹን ፊደልና ቁጥር ብቻ አይደለም ያስተማረቻቸው። በየጠዋቱ አንድ ልጅ ታስነሳና «ዛሬ ያየኸውን በቅደም ተከተል ንገረን፤ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ» ትለዋለች። ያውም ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዝናሽ ይህን የሰማች ዕለት መጥታ ተቆጥታ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ልጄን ዓይን አውጣ ልታደርጊብኝ ነው? ታላቅ ፊት አንገቷን ደፍታ ያደገች ናት!» ፍቅርተም ቀስ ብላ «እትዬ ዝናሽ፣ አንገቷን የደፋች ልጅ ሰሌዳው አይታያትም» አለቻት። ዝናሽ ሰሌዳውን አየችና ወጣች። ዝናሽ ሳትከራከር የምትወጣው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ከሆነ።

ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ ሰው በሞተር ሳይክል መጣ። አቶ መሐሪ ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጠን ያለ፣ ትሑት፣ አቧራ በአቧራ የሆነ ሰው ነው። አባቱ የእስቴ ገበሬ ነበሩ። እጅ ነሥቶ ሁሉንም ሰላም አለ። ዝናሽ እድላዊትን ቢጫ ቀሚሷን አልብሳ እጁን አስያዘችው። «ልጄ ናት። መንገዱን ትምራዎት» አለች፤ እውነቱን ለመናገር ቀሚሱን ሲያይላት እንዲውል ነው።

መጀመሪያ እትዬ ማሬ ቤት ገቡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከፔርሙሱ ሻይ ተቀዳለት። መደቡ ላይ ቡሉኮው ተዘርግቷል። አቶ መሐሪ ቅጽ ይዟል፤ ቅጹ ረጅም ነው፣ «ወንበር፣ መኝታ፣ የቤት ዕቃ» እያለ ይወርዳል፤ ሰውየውም «አለ፣ አለ፣ አለ» እያለ ይጽፋል። ቅጽ የያዘ ሰው ከቅጹ ቀና አይልም እንጂ፣ ቀና ቢል ከጓሮ የምትጠብቀውን ምሥራቅን ያይ ነበር።

ቀጥሎ አያ ካሴ ቤት። በቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ሲደርሱ ቡሉኮው ተዘርግቶ፣ ፔርሙሱ ተቀምጦ፣ ወንበሩም ተጠርጎ ይጠብቃቸዋል። አያ ካሴ ቆሞ ከመጠበቅ ብዛት ላብ አጥምቆታል። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ የገዛ ቤታችን ወንበር ነው!» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ከእትዬ ማሬ ጋር አንድ ዓይነት ነው የገዛችሁት?» አለ አቶ መሐሪ ፈገግ ብሎ።

«ጅምላ ነው! ጅምላ ስለሚረክስ!» አለ አያ ካሴ። ዝናሽ ጎኑን በክርኗ ወጋ አደረገችው።

በመጨረሻ ዝናሽ ቤት። ምሥራቅ ከበሩ ኋላ ቆማ ታለከልካለች፤ ቡሉኮው መደቡ ላይ ነው፣ የትከሻዋ ሙቀት ገና አልወጣለትም። ከሥሩ ያለው ቁርበት እንዳይታይ ጫፉ እስከ መሬት ተጎትቷል። እድላዊት ቡሉኮውን አየች፣ እህቷን አየች፣ ከዚያም ጣቷን አጠፈች። ማንም ልብ አላላትም። አቶ መሐሪ «አለ፣ አለ፣ አለ» ብሎ ጽፎ ብዕሩን ከደነ።

ወደ ክፍሉ ሲሄዱ ከዝናሽ ጎን ሆኖ «ወይዘሮ ዝናሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ በጣም ደስ ብሎኛል» አላት። «ኑሯችሁ ደህና ነው። ከጠበቅኩት በላይ ነው።»

«ተመስገን ነው» አለች ዝናሽ፣ ደረቷን ነፍታ።

«እንግዲህ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የተሰበሰበውም በጣም ለተቸገሩ ልጆች ተብሎ ነው። እናንተ እንዲህ ከቆማችሁ ክፍሉን በራሳችሁ ትቀጥሉታላችሁ። ድጋፉ ወደ ማዶው ቀበሌ እንዲዛወር እጽፋለሁ። ቅር እንደማይላችሁ አውቃለሁ።»

ዝናሽ በሦስት ቀን ሩጫ፣ በላብና በልመና ያቆመችው ነገር ልጇን ከክፍል ሲያስወጣት በዓይኗ አየችው። ተናገሪ፣ አለቻት ነፍሷ። ይቺን ያህል ቃል ናት፤ «ተውሰን ነው» ማለት ብቻ። አፏ ድረስ መጣ። ግን ያ በርሜል፣ ያ ጩኸት፣ «የባሰባችሁ ድሆች ወደ ፊት» ትዝ አላትና መልሳ ዋጠችው። ከቤቷ እስከ ክፍሉ አምስት መቶ እርምጃ ይሆናል። አምስት መቶውንም ዝም ብላ ሄደች። ወላዲተ አምላክ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ አለች በልቧ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ወላጆቹ ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፈው፣ ቄስ ገብረ ሥላሴ በራፉ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ አምረዋል፤ አዲስ ጫማ ያልለመደ እግር ግን አንድ ቦታ አያርፍም፤ ምንጣፉ ላይ ሲንቀጨቀጭ ይሰማል። አቶ መሐሪ አምስት ልጆች በዕጣ አወጣ። ሁለቱ ተፈተኑ፤ ደህና መለሱ። ሦስተኛዋ እድላዊት ሆነች።

ተነሥታ ቆመች። አልተሸፈነችም። ዓይን ዓይኑን እያየች ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገረችው። ባቄላ አፈሰላት፤ ሃያ አራት ቆጠረች፤ ደግማ ቆጥራ «ሃያ አራት ነው፣ አልተሳሳትኩም» አለችው። ወላጁ ሳቀ። ዝናሽ በዚያ ጭንቋ ውስጥ እንኳ ልቧ ሞቅ አለ።

«ጎበዝ! አሁን የመጨረሻው» አለ አቶ መሐሪ። «ዛሬ ጠዋት ያየሽውን አንድ ነገር በቅደም ተከተል ንገሪኝ።»

እድላዊት እጆቿን ከኋላ አጣመረች፤ ፍቅርተ እንዳስተማረቻት።

«መጀመሪያ የእትዬ ማሬ ቡሉኮ እትዬ ማሬ ቤት ነበረ። ቀጥሎ አያ ካሴ ቤት ሄደ። እሳት የበላው ጥጉ በር በር ያያል። ከዚያ እኛ በቤተ ክርስቲያኑ ስንዞር ምሥራቅ ተሸክማው በታረሰው መሬት ሮጠች። በመጨረሻ እኛ ቤት መጣ።» ትንፋሽ ወሰደችና ጨመረች፤ «ወንበሩም ሮጧል። ፔርሙሱም። ይሄ ቀሚስም የኔ አይደለም፣ ቅዳሜ ይመለሳል።»

ጉድ ፈላ! እትዬ ማሬ «ወይ ጉዴ» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አያ ካሴ ጣራውን ያይ ጀመር፣ ቆርቆሮ አይቶ የማያውቅ ይመስል።

አቶ መሐሪ ጎንበስ ብሎ «ስንት ቤት አየሽ?» አላት።

«ሦስት።»

«ስንት ቡሉኮ?»

እድላዊት አንድ ጣት አወጣች። «አንድ። እኔ ቆጥሬያለሁ።»

ሰውየው ቅጹን ገለጠ። «አለ፣ አለ፣ አለ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች አየው። ፊቱ ቀላ፤ ከሁሉ ይልቅ በራሱ ያፈረ ይመስላል። ከዚያም ቀና ብሎ «እናንተ ሰዎች» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይህን ለምን አደረጋችሁ? የማኅበሩ ደንብ ሐሰት የተነገረበት ቀበሌ ጭራሽ ከዝርዝር ይወጣል ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዝናሽ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። በዚያ በርሜል ዙሪያ የነበረው ዝምታ ነው። ልጇን አየቻት፤ እድላዊት አሁንም መሃል ላይ ቆማለች፣ አንድ ጣቷ እንደተቀሰረ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምትል ትመስላለች።

ዝናሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«አቶ መሐሪ፣ ልጄ ያለችው እውነት ነው» አለች። «ሌላውን አይውቀሱ፤ አስተባብሬ ያዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ቡሉኮው የእትዬ ማሬ ነው። ወንበሩና ፔርሙሱ የቄስ ገብረ ሥላሴ ነው። የኔ መደብ ላይ ያለው ቁርበት ነው፤ ሦስታችንም እሱ ላይ ነው የምንተኛው። መንገድ ላይ ልነግርዎት ፈልጌ አቃተኝ። ድሃ ነኝ ማለት አቃተኝ፤ ይኸው አሁን አልኩት፣ አልሞትኩም።»

ወደ እሱ ጠጋ ብላ ቀጠለች።

«ለገንዘቡ አልዋሸንም። ለገንዘቡማ ቢሆን ቡትቶ ለብሰን በጠበቅንዎት ነበር፤ እሱ ሞልቶናል! ያገራችን ልጆች ናችሁና ደህና ሆነን ብታዩን ደስ ይላችኋል ብለን ነው። አጠፋን። ማዶ ያሉት ከኛ ከባሰባቸው ስጧቸው፤ አምላክ ምስክሬ ነው፣ አልቀየምም። ግን በቡሉኮ አይፍረዱብን። በሷ ይፍረዱ!» ብላ ወደ እድላዊት ጠቆመች። «ያቺ ቡሉኮ ተሸክማ ስትሮጥ የዋለችው እህቷ ናት። ስሟን መናገር አቅቷት ነው ከትምህርት የቀረችው፤ ስሟን ብቻ! ይቺ ግን ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ቆማ፣ ቆጥራ፣ በቅደም ተከተል አድርጋ፣ በገዛ እናቷ ላይ መሰከረች። የሰጣችሁት ገንዘብ የሠራው ይህን ነው። እኔ አፍሬያለሁ። በሷ ግን፣ እኔ ልሙት፣ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።»

ከዚያ የሆነውን ዝናሽ እስክትሞት ታወራዋለች። እትዬ ማሬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከግድግዳው ተላቀው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። «ልጄ ቡሉኮ ከላከልኝ ወዲህ ሌላ ነገር አልላከልኝም። የልጅ ልጄ ጠዋት ምንም ሳይበላ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ነው አጥሚት የሚጠጣው» አሉ። አያ ካሴ ተከተለ፤ «ወንበሩን ጅምላ አልገዛነውም» አለ፤ ቀድሞም ማንም ያመነው አልነበረም፣ መናዘዙ ግን አልቀረም። አንዲት እናት የልጇን ጫማ አውልቃ በእጇ ያዘችው፤ «የወንድሜ ልጅ ጫማ ነው» አለች። ሌላዋ ወጣች። ሌላው ወጣ። በድርቁ ጊዜ ዝናሽ ብቻዋን የወጣችበትን ያን አንድ እርምጃ ዛሬ ግራር አምባ በሙሉ ወጣው፤ ግድግዳው ጥግ የቀረ አልነበረም። ዝናሽ ዞር ብላ አየቻቸውና ዕንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። አልጠረገችውም።

አቶ መሐሪ ቅጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዘውና ከቦርሳው አዲስ አወጣ።

«ውሸታችሁን ከነደንቡ አቀርባለሁ፣ አልደብቅም» አለ። «የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ግን ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ወይዘሮ ዝናሽ ያሉትንም። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ እንግዳ ሲመጣ ልክ እንደናንተ ነበር የሚያደርጉት፤ የኛም ቤት ጋቢ ከጎረቤት የተዋስነው ነበር።» ፈገግ አለ። «በሉ ከመጀመሪያው ቤት እንጀምር። አሁን በአቋራጩ ውሰዱኝ።»

«ከዚያ በፊት ምሳ ይብሉ» አሉ እትዬ ማሬ። ሰውየው ሲያመነታ አይተው ቶሎ ጨመሩ፤ «ዶሮዋ እንኳ የገዛ ዶሮዬ ናት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከልጆቹ ድምፅ ይልቅ የጮኸው የአያ ካሴ ሳቅ ነው።

የማኅበሩ መልስ ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ መሃል መጣ። ድጋፉ ለሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ ማዶውም ቀበሌ በሚቀጥለው ዓመት ይገባል። የአቶ መሐሪ ሪፖርት በስብሰባው ላይ ሲነበብ ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ የስማዳ ሰው፣ «የኛን ቤት ነው የጻፈው» ብሎ አለቀሰ አሉ። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላየሁም፤ ለማዶው ግን ገንዘብ የጨመረው እሱ ነው ይባላል። ቡሉኮውን እትዬ ማሬ ለክፍሉ ሰጡት፤ «ከዞረ አይቀር እዚሁ ይረፍ» ብለው። ብርድ ሲሆን የሚያስነጥሱት ልጆች ይጠቀለሉበታል።

መስከረም ላይ እድላዊት አንደኛ ክፍል ለመመዝገብ ሄደች። ያ ምሥራቅ የተሳቀባት ክፍል ነው፤ ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው የተሰበረ መስኮት። ዝናሽና ምሥራቅ በር ላይ ቆሙ፤ ምሥራቅ ወደ ውስጥ ማየት ከብዷት ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራለች። እድላዊት የራሷን ልብስ ለብሳለች፤ አሮጌ ነው፣ ታጥቧል።

«ስምሽ ማን ነው?» አለ መምህሩ።

ነገረችው፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። ምሥራቅ ፊቷን መለሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ዝናሽ አየቻት፤ የራሷን ስም ነው የምትለው፣ በሹክሹክታ።

«ጎበዝ። ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«በቅደም ተከተል መናገር።»

«እስቲ ተናገሪ።»

እድላዊት እጆቿን ከኋላ አጣመረች። አርባ የሚሆኑ ልጆች አዩዋት፤ አንድም አልሳቀም።

«መጀመሪያ የሰው ልብስ ለበስን። ቀጥሎ እኔ እውነቱን ተናገርኩ፣ ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ እናቴ ብቻዋን ወደ ፊት ወጣች። በመጨረሻ ሁሉም እሷን ተከትለው ወጡ።»

«እናትሽ የት ናቸው?» አለ መምህሩ።

እድላዊት ዞር ብላ በጣቷ አሳየችው። መምህሩም ልጆቹም ወደ በሩ ተመለከቱ። ዝናሽ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የምሥራቅን እጅ ያዘችና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።